ቀለምና ፀሐይ፦ በቤት የሚሠራ አውሮፕላን ነጭ የሚቀባበት ምክንያት

በግለሰቦች እጅ፣ በጋራዥና በጓሮ ተሠርተው ከሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች መካከል ከፋይበርግላስና ከሬዚን የተሠሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ቀይና ሰማያዊ ጠልተው አይደለም። ለእነዚህ አውሮፕላኖች የቀለም ምርጫ የክንፉን ጥንካሬ ከሚወስኑ ጉዳዮች አንዱ ነው። በሞቃት አገር ሜዳ ላይ ቆሞ የዋለ ጥቁር ክንፍ የገጹ ሙቀት 90 ዲግሪ ሴልሺየስን ሊያልፍ ይችላል፤ ያው ክንፍ ነጭ ቢሆን ኖሮ ከ50ዎቹ ብዙም አይርቅም። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ሬዚኑ የሚለሰልስበት የሙቀት ወለል ይገኛል።

ይህ ጽሑፍ ቀለም የአንድን ገጽ ሙቀት እንዴት እንደሚወስን፣ በቤት የሚሠሩ አውሮፕላኖች ላይ የሚያስከትለውን ውጤት፣ እንዲሁም ይኸው ሕግ በአል-ዓሪዳና በጂዛን ክልል ለሚኖሩና ለሚሠሩ ሰዎች በየዕለቱ ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

በቤት የሚሠራ አውሮፕላን ምንድን ነው?

በቤት የሚሠራ አውሮፕላን የሚባለው በፋብሪካ ተመርቶ የሚሸጥ ሳይሆን ባለቤቱ ከዕቅድ ወይም ከተዘጋጁ ክፍሎች ተነሥቶ ራሱ የሚገጣጥመው ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ አውሮፕላን በዚህ ምድብ ለመመዝገብ ከሥራው የሚበዛው ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ሲሉ በሠሩት ግለሰቦች እጅ መከናወን አለበት። እንቅስቃሴውን በማደራጀት ስሙ የሚጠራው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1953 በዊስኮንሲን ግዛት በፖል ፖብሬዝኒ መሪነት የተመሠረተው የሙከራ አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ሲሆን፣ በየዓመቱ በኦሽኮሽ ከተማ የሚያካሂደው የአየር ትርኢት ከመላው ዓለም ሠሪዎችንና አብራሪዎችን ይሰበስባል። በሳዑዲ ዓረቢያም የሳዑዲ አቪዬሽን ክለብ በሪያድ አቅራቢያ ከሚገኘው የሱማማ አየር ማረፊያ በመነሣት የስፖርትና የመዝናኛ በረራን ያስፋፋል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም ጉዳዩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በኅብረተሰብ ጤና ትምህርት የተመረቀው አስመላሽ ዘፈሩ በራሱ ጥረት የሠራትንና ኬ-570ኤ ብሎ የሰየማትን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2015 ለማስነሣት ባደረገው ሙከራ ስሙ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተነሥቷል። ቁጥሩ ሥራው የፈጀውን 570 ቀን ያመለክታል፤ ሞተሩም ከቮልስዋገን መኪና የተወሰደ ነበር። ከዚያ ስምንት ዐሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በአዲስ አበባ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ እጅ የተሠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 በረራለች። በወረራው ዘመን ወደ ጣሊያን ተወስዳ የቆየችው ይህች አውሮፕላን በጥር 2024 ወደ አገሯ ተመልሳለች።

አውሮፕላን በራሱ እጅ የሚሠራ ሰው የፋብሪካ ላቦራቶሪና የመሐንዲሶች ቡድን ከጎኑ የለም። ስለዚህ ፋብሪካው ተመራምሮ የሚወስናቸውን ነገሮች፣ ከነዚህም መካከል ቀለሙን፣ ራሱ አውቆ መወሰን ይኖርበታል።

ቀለም ሙቀትን የሚወስነው እንዴት ነው?

ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል በሦስት ይከፈላል። አምስት በመቶ ገደማው ዓይን የማያየውና ቆዳን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው የሚታየው ብርሃን ነው። የተቀረው ግማሽ ደግሞ ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ ዓይን የማያየው ነገር ግን ሙቀት የሚሸከመው ጨረር ነው። ጥቁር ቀለም ከሦስቱም አብዛኛውን ይውጣል፤ ነጭ ቀለም አብዛኛውን መልሶ ይበትናል። ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በሁለቱ መካከል ይሰለፋሉ። ዓይን የሚመሰክረው ግን በሚታየው ብርሃን ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ሲታዩ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች ኢንፍራሬዱን በተለያየ መጠን ሊውጡ ይችላሉ። ልዩነቱ ከቀለሙ ዱቄት ይመነጫል።

ይህ የጉዳዩ አንድ ገጽታ ነው። አንድ ገጽ የሚደርስበት ሙቀት የሚወሰነው በሚቀበለው ብቻ ሳይሆን በሚያወጣውም ጭምር ነው። የሞቀ ነገር ሁሉ ሙቀቱን በሁለት መንገድ ያስወጣል፦ አንዱ ነፋስ ሲዳስሰው፣ ሌላው ራሱ በሚያመነጨው የሙቀት ጨረር ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም እውነት አለ። ነጭም ሆነ ጥቁር፣ ማንኛውም የተለመደ ቀለም የሙቀት ጨረርን በማስወጣት ረገድ እኩል ጎበዝ ነው፤ ያልተቀባ አብረቅራቂ ብረት ግን በዚህ በኩል በጣም ደካማ ነው።

አዲስ ቆርቆሮ እንደ መስተዋት እያብለጨለጨ እጅ የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ከፀሐይ የሚውጠው ከጥቁር ገጽ ያነሰ ቢሆንም፣ የዋጠውን በጨረር መልሶ ማስወጣት አይችልም። ያንኑ ቆርቆሮ ነጭ ቢቀቡት የሚውጠው ይቀንሳል፣ የሚያስወጣውም ይጨምራል፤ ስለዚህ ይበርዳል። የተወለወለ አሉሚኒየም አካል ያላቸው አውሮፕላኖችም በእኩለ ቀን ሲነኩ ከነጭ አውሮፕላን በላይ የሚያቃጥሉት በዚሁ ሕግ ነው።

በቁጥር ሲሰላ

ሰማዩ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር አግዳሚ ገጽ ላይ ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ጥቁር ቀለም ከዚህ 95 በመቶውን፣ ማለትም 950 ዋት ያህሉን ይውጣል። ነፋሱ ለስላሳ በሆነበት ጊዜ አንድ ገጽ ከአየሩ በላይ በሞቀ በእያንዳንዱ ዲግሪ በካሬ ሜትር 18 ዋት ያህል ያስወጣል ብለን እንውሰድ። 950ን ለ18 ብናካፍል 53 እናገኛለን። አየሩ 40 ዲግሪ ከሆነ ጥቁሩ ገጽ 93 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። በዚሁ ስሌት፦

• ንጹሕ ነጭ (25 በመቶ የሚውጥ)፦ 54 ዲግሪ ገደማ
• ፈዛዛ ቢጫ ወይም ክሬም (45 በመቶ)፦ 65 ዲግሪ ገደማ
• ቀይ (65 በመቶ)፦ 76 ዲግሪ ገደማ
• ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ (87 በመቶ)፦ 88 ዲግሪ ገደማ
• ጥቁር (95 በመቶ)፦ 93 ዲግሪ ገደማ

እነዚህ የስሌት ውጤቶች ናቸው። ከታቹ ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ለተደገፈ ገጽ፣ ለምሳሌ በፎም ላይ ለተለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ፣ ለእውነታው ይቀርባሉ። በሁለቱም ወገን አየር የሚያገኘው ስስ ላሜራ ከዚህ ያነሰ ይሞቃል፤ ነፋስ ሲበረታ ሁሉም ይወርዳሉ፤ ነፋስ ጨርሶ ሲቆም ሁሉም ይወጣሉ። የማይለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። በነጭና በጥቁር መካከል ያለው የ40 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ከቀለም በስተቀር ምንም ምክንያት የለውም።

ሙቀቱ ምኑን ይጎዳል?

መልሱ አውሮፕላኑ ከተሠራበት ቁስ ይለያያል።

ኮምፖዚት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊው ንድፍ አውጪ በርት ሩታን ቫሪኢዚ የተባለችውን፣ በኋላም ሎንግኢዚ የተባለችውን አውሮፕላን ይዞ ሲመጣ የቤት ውስጥ አሠራርን ለወጠው። ሠሪው ፎም ቆርጦ የክንፍ ቅርጽ ያወጣል፤ በላዩ ላይ የፋይበርግላስ ጨርቅ ዘርግቶ ኤፖክሲ ሬዚን ያጠጣዋል፤ ሬዚኑ በክፍሉ የአየር ሙቀት ይደርቃል። ውድ ማሽንም ሆነ ምድጃ አያስፈልገውም። ለዚህ ቀላልነት የሚከፈል ዋጋ ግን አለ። በክፍል ሙቀት የደረቀ ኤፖክሲ እንደየዓይነቱ ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ክልል መለስለስ ይጀምራል። ክንፉን ቀጥ አድርገው የያዙት የመስታወት ክሮች አይጎዱም፤ እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ሬዚን ሲለሰልስ ግን ክሮቹ ሸክሙን ተካፍለው መሸከም ይሳናቸዋል። ከሥር ያለው የፖሊስታይሪን ፎምም ከ75 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ አይመከርም።

ከላይ ያለውን ዝርዝር ከዚህ ጋር ማስተያየት በቂ ነው። ነጩ ገጽ ከአደጋው ክልል በታች ይቀራል፤ ቀዩ ድንበሩ ላይ ይቆማል፤ ጥቁሩ ድንበሩን ይሻገራል። የሩታን የሥራ መመሪያዎች አውሮፕላኑ ነጭ እንዲቀባ አጥብቀው የሚያዙት ስለዚህ ነው። የአውሮፓ የቀላል አውሮፕላን ደንቦችም ነጭ ለተቀባ ኮምፖዚት አካል የጥንካሬ ፍተሻ መነሻ አድርገው የሚወስዱት 54 ዲግሪን ነው፤ ሌላ ቀለም የመረጠ ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት መፈተን ይጠበቅበታል። ሞተር አልባ ተንሸራታች አውሮፕላኖች ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነው በክንፋቸው ጫፍና በጭራቸው ላይ ብቻ ጥቂት ቀለም የሚታይባቸውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ ሁልጊዜ ስብራት ሆኖ አይገለጥም። በመጀመሪያ የሚታየው ገጹ ላይ የጨርቁ ሽመና ጥለት ወጥቶ መታየቱ፣ ቀጥሎ ልሙጥ የነበረው ክንፍ መወዛገቡ ነው። የክንፍ ቅርጽ በጥቂት ሚሊሜትር ሲዛባ የአየሩ ፍሰት ይለወጣል። በነጭ ክንፍ ላይ የተሰመረ ሰፊ ጥቁር መስመርም የራሱ ችግር አለው፤ መስመሩ ሥር ያለው ክፍል ከጎረቤቱ ይልቅ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ በድንበሩም ላይ ውጥረት ይፈጥራል።

እንጨት። እንጨቱ ራሱ 90 ዲግሪን ይችላል። መገጣጠሚያዎቹን የያዘው ሙጫ ኤፖክሲ ከሆነ ግን ከላይ የተባለው ሁሉ ለእርሱም ይሠራል። ከዚህ በተጨማሪ ተደጋጋሚ ሙቀት እንጨቱን ያደርቀዋል፣ ያሰነጥቀዋል።

ሸራ። በብረት ቱቦ ወይም በእንጨት አጽም ላይ የሚወጠረው የፖሊስተር ጨርቅ በመገጣጠም ወቅት ከ120 ዲግሪ በላይ በሞቀ ካውያ ተተኩሶ የሚወጠር ስለሆነ የፀሐይ ሙቀት ብቻውን አይጎዳውም። ጠላቱ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። በመሆኑም ከመጨረሻው ቀለም ሥር የአሉሚኒየም ብናኝ ያለበት ብርማ ሽፋን ይቀባል፤ ይህ ሽፋን ጨረሩ ወደ ጨርቁ እንዳይደርስ ይጋርዳል።

አሉሚኒየም። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠሩት የቤት አውሮፕላኖች አሉሚኒየም ለበስ ናቸው፤ የቫንስ ኩባንያ ንድፎች ብቻ ከ10,000 በላይ ተሠርተው በረዋል። አሉሚኒየም በ90 ዲግሪ ጥንካሬውን ስለማያጣ ባለቤቱ የፈለገውን ቀለም መቀባት ይችላል። ይሁንና በክንፉ ውስጥ ያለው ነዳጅ ይሞቃል። የመኪና ቤንዚን የሚጠቀም ሞተር ሲሆን፣ የሞቀ ነዳጅ በቱቦው ውስጥ ተንኖ ፍሰቱን ሊያቋርጥና ሞተሩን በሚነሣበት ሰዓት ሊያጠፋው ይችላል።

በየትኛውም ቁስ ቢሠራ፣ የአብራሪው ክፍል ከግልጽ ፕላስቲክ በተሠራ ጣሪያ የሚሸፈን በመሆኑ በፀሐይ እንደ ቆመ መኪና ውስጡ ይግላል። ነጭ የሸራ መጎናጸፊያ ማልበስ ከማንኛውም መሣሪያ የረከሰ መፍትሔ ነው።

አደገኛው ሰዓት

ብዙ ሰው አውሮፕላን የሚሞቀው ሲበር ይመስለዋል። ለትንንሽ አውሮፕላኖች ነገሩ ተቃራኒ ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ አየር የክንፉን ገጽ በጥቂት ደቂቃዎች ያበርደዋል፤ ከፍታ ሲጨምርም አየሩ ራሱ በየኪሎ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሥጋቱ ያለው በመሬት ላይ ነው፦ አውሮፕላኑ ረፋዱን ሙሉ በነፋስ አልባ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ከላይ በፀሐይ፣ ከታች ደግሞ በጋለ አስፋልት ተጠብሶ፣ ወዲያው ተነሥቶ ሲበር። ገጹ ቶሎ ቢበርድም፣ በፎም ውስጥ የተቀበረው የክንፉ ዋና ተሸካሚ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደካማ እንደሆነ ይቆያል። አብራሪው ክንፉን የሚፈትነው ግን በነዚያው ደቂቃዎች ነው።

በፍጥነት ምክንያት የሚሞቅ አውሮፕላን የነበረው ኮንኮርድ ነው። ከድምፅ ሁለት እጥፍ ፈጥኖ ሲበር አፍንጫው 127 ዲግሪ ገደማ ይደርስ ነበር፤ ነጭ የተቀባውም ያን ሙቀት በጨረር እንዲያስወጣና ከፀሐይ ተጨማሪ እንዳይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ የኤር ፍራንስ ኮንኮርድ ለፔፕሲ ማስታወቂያ አካሉ ሰማያዊ ሲቀባ ክንፎቹ ነጭ እንደሆኑ ቀሩ፤ አብራሪዎቹም በከፍተኛው ፍጥነት ከ20 ደቂቃ በላይ እንዳይበሩ ተመከሩ። የቀለም ለውጥ ብቻ የዓለምን ፈጣን የመንገደኞች አውሮፕላን ፍጥነት ገደበ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 በአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 አካሉ የካርቦን ኮምፖዚት ሆኖ ሳለ፣ ጭራው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም እንዴት ተቀባ? መልሱ በአሠራሩ ላይ ነው። የ787 ሬዚን የሚደርቀው በግፊት ምድጃ ውስጥ በ180 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የሚለሰልስበት ሙቀት ፀሐይ ከምታደርሰው እጅግ የራቀ ነው። በጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ምድጃ አያገኝም። የእርሱ ምድጃ ምትክ ነጭ ቀለም ነው።

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም

የነጭ ቀለም ጉልበት የሚመጣው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከተባለ ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ሲያንስ ወይም ሽፋኑ ሲሳሳ ከሥር ያለው ጥቁር ገጽ ፀሐይን መዋጥ ይቀጥላል። በመሆኑም በጥቁር ላይ የሚቀባ ሰው ከአንድ ዙር በላይ መቀባት ይኖርበታል።

አሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሪየም ሰልፌት በተባለ ዱቄት የሠሩት ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን 98.1 በመቶውን እንደሚመልስ አስታውቀዋል። በሌላ በኩል ጥቁርና ቡናማ መስለው እየታዩ ኢንፍራሬዱን የሚመልሱ የቀለም ዱቄቶች ለጣሪያና ለሕንፃ ይሸጣሉ። እነዚህ ከተራው ጥቁር ይልቅ ገጹን ያበርዱታል፤ ነጭን ግን አይስተካከሉም።

የነጭን ሥራ የሚያበላሽ ሌላው ነገር ቆሻሻ ነው። በጂዛን ሜዳማ ክፍል በበጋ ወራት የሚነሣው፣ ነዋሪው «ጉብራ» የሚለው አቧራማ ነፋስ፣ በነጭ ገጽ ላይ ቡናማ ሽፋን ይጥላል። ይህ ሽፋን ነጩን ወደ ክሬም ያወርደዋል፤ በስሌታችን መሠረት ከነጭ ወደ ክሬም መውረድ ዐሥር ዲግሪ ያህል ጭማሪ ነው። ማጠብ ማለት የቀለሙን ሥራ መመለስ ማለት ነው።

የገጽ ሙቀትን ለመለካት በገበያ የሚገኘው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለተቀቡ ነገሮች በደንብ ያገለግላል። በአብረቅራቂ ብረት ላይ ግን ያሳስታል፤ ብረቱ የሙቀት ጨረር በብዛት ስለማያመነጭ መሣሪያው ከእውነተኛው በታች ያነባል። መፍትሔው ብረቱ ላይ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፎ ጥቂት ከቆዩ በኋላ ፕላስተሩን መለካት ነው።

ይህ ሁሉ ለአል-ዓሪዳ ምን ይላል?

በጂዛን ክልል ምሥራቃዊ ክፍል፣ በየመን ድንበር አጠገብ የምትገኘው አል-ዓሪዳ በ17ኛው ዲግሪ ሰሜናዊ ኬክሮስ አካባቢ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚያዝያ ማብቂያና በሐምሌ ማብቂያ ግድም፣ በእኩለ ቀን በትክክል አናት ላይ ትቆማለች፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ይገባል። በነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት ወራትም ፀሐይ ከአናት ብዙ አትርቅም። የአውሮፕላን ክንፍ የሚቀበለውን ያህል፣ ጣሪያውም፣ የውኃ ታንከሩም፣ የመኪናውም አናት ይቀበላል።

ጣሪያ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ወይም የሠራተኞች ማደሪያ አዲስ ሲሆን ያብለጨልጫል፤ ሲያረጅና ሲዝግ የሚውጠው ሙቀት ይጨምራል። ላዩን ነጭ መቀባት በቀን ከውስጥ የሚሰማውን ግለት ይቀንሳል። ለሌሊት ግን ብዙ አይረዳም፤ ሌሊት ፀሐይ ስለሌለች የቀለም ልዩነት ይጠፋል፣ የባሕሩ እርጥበትም ጣሪያው ወደ ሰማይ የሚያስወጣውን ጨረር ያግዳል።

የውኃ ታንከር። ኢትዮጵያ ውስጥ በየግቢው የሚታየው ጥቁር ሮቶ በደጋ አየር ውኃውን ቢያለዝበው ማንም አይከፋም። በጂዛን በጋ ግን ያው ጥቁር ታንከር እኩለ ቀን ላይ ገላ የማያስታጥብ ውኃ ይሰጣል። ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ጥቁር ሽፋን ያለው ታንከር የተሻለ ነው፤ ነጩ ሙቀትን ይመልሳል፣ ጥቁሩ ብርሃን ጋርዶ አልጌ እንዳይበቅል ይከለክላል።

የሥራ ዕቃ። በፀሐይ የዋለ ጥቁር ቱቦ፣ የአርማታ ብረት ወይም መሣሪያ 60 ዲግሪ ሲደርስ በጥቂት ሴኮንዶች ንክኪ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ጓንት ሳያጠልቁ አለመንካት፣ መሣሪያን በጥላ ወይም በነጭ ጨርቅ ሥር ማስቀመጥ ይገባል። ነጭ የራስ ቁርም ከጥቁሩ ያነሰ ይሞቃል።

ልብስ። ቀለም ሁሉን እንደማይወስን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በሲና በረሃ የሚኖሩ ዘላኖች ጥቁር ቀሚስ ለምን እንደሚለብሱ የመረመሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ጥቁሩ ቀሚስ ከነጩ ይልቅ ቢሞቅም ለባሹ ሰው የሚደርሰው ሙቀት ግን እኩል መሆኑን አሳይተዋል። ልብሱ ሰፊ በመሆኑ ተጨማሪው ሙቀት በልብሱና በቆዳው መካከል በሚነፍሰው አየር ይወሰዳል። ከቆዳ ጋር ለተጣበቀ ጥቁር ልብስ ግን ይህ አይሠራም። ለጣሪያም ትምህርቱ አንድ ነው፦ ከቆርቆሮው ሥር አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ፣ ወይም ሙቀት የማያሳልፍ ነገር ከተነጠፈ፣ የቀለሙ ልዩነት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ቀንሶ ነው።

የትኛውም ቀለም ግን በአናት ፀሐይ የሚሠራን ሰው አይተካለትም። በመንግሥቱ የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር የሚያስፈጽመው፣ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባሉት ወራት ከቀኑ በ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር በቀጥታ ፀሐይ ሥር መሥራትን የሚከለክለው ደንብ የተመሠረተው ገጾች ሁሉ እጅግ በሚግሉበት ሰዓት ላይ ነው።

ለሚቀባ ሰው ማጠቃለያ

• በክፍል ሙቀት የደረቀ ሬዚን ያለበት ማንኛውም ተሸካሚ አካል፣ ክንፍም ሆነ ጀልባ፣ ነጭ ይቀባ። ጌጥ ከተፈለገ ጥቂት፣ ፈዛዛና ሸክም በማይበዛበት ቦታ ይሁን።
• ጥቁር መስመር በነጭ ገጽ መካከል በሰፊው አይሰመር።
• ያልተቀባ አብረቅራቂ ብረት ቀዝቃዛ ነው ተብሎ አይታሰብ።
• ነጭ ቀለም ሽፋኑ ወፍራም ይሁን፤ ከአቧራማ ነፋስ በኋላ ይታጠብ።
• አውሮፕላንም ሆነ መኪና በፀሐይ ከዋለ በኋላ ከመነሣቱ በፊት በሮቹ ተከፍተው ይናፈስ፤ የአውሮፕላኑ ክንፍ በእጅ ተዳስሶ እጅን የማያስቀምጥ ከሆነ በረራው ይዘግይ።

የመጨረሻው ነጥብ ማንም ሊሠራበት የሚችል ፈተና ነው። ጤነኛ መዳፍ ያለ ሕመም ለረጅም ጊዜ የሚታገሠው የገጽ ሙቀት ከ50 ዲግሪ በታች ያለውን ነው። መዳፍ ከገጹ ላይ ወዲያው ከሸሸ፣ ከሥሩ ያለው ሬዚንም ወደ መለስለሻው እየቀረበ ሊሆን ስለሚችል ክንፉ በጥላ እስኪበርድ መጠበቅ ይገባል።